አማቴ አልወጣም ብለው ጣራው ተነሣ

ዛሬ የቤታችን ሣር ክዳን ሲፈርስ አማቴ እውስጥ ተኝተው ነበር!

ክዳን ሠሪው አያ ታከለ "ቤቱን ባዶ አድርጉልኝ" ስላለ ማሽላውንም፣ ሰሊጡንም፣ ጋኑንም ደጅ አወጣን። እሳቸው ግን ከታመሙ ወዲህ ከተኙበት መደብ ንቅንቅ አልልም አሉ። ጥላሸት እንዳይወርድባቸው ቁርበት አለበስኳቸው። (ከሳቸው ጋር ከመሟገት ዝናቡን መለመን ይቀላል።)

ሣሩ ተነሥቶ እንዳለቀ ወደ መተማ የምትሄደው የጣሊያን አውሮፕላን እያጓራች መጣች። ሁላችንም ቁጥቋጦ ውስጥ ተደፋን።

ስንመለስ አማቴ ቁርበቱን ገልጠው ሽቅብ እያዩ ይስቃሉ።

"በድምጿ ስታሸብረኝ የከረመችው ይቺ ናት? ከአሞራ አትበልጥም እኮ!"

ከታመሙ ወዲህ እንዲህ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

አያ ታከለ "ደመናው ቀረበ፣ ልክደን" ቢላቸው፣ "ቆይ፣ ስትመለስ የምሰድባት አለኝ" አሉት።

ይኸው ሣራችንን ታቅፈን ቆመናል። እናንተስ ቤት ክዳን ሲታደስ አልወጣም ያለ ማን ነበር?