ቢቸና ላይ የቀበርነው

ዘይዳ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ሞጣ የነበረው የጭቃ ቤታቸው በሐምሌ ዝናብ ተደረመሰ። እናትና አባቷ ከሥሩ ቀሩ። እሷን ታላቅ እህቷ ኢልሀም ጥፍሯ እስኪነቀል ጭቃውን ቧጥጣ አወጣቻት። ከዚያ ወዲያ ኢልሀም ትምህርቷን ትታ በርበሬ ቸረቸረች፤ ታላቅ ወንድማቸው ኡበይዳ ልብስ ሰፊ ሆነ፤ ዘይዳ ተማረች።

ተምራም አዲስ አበባ የመድኃኒት ተመራማሪ ሆነች። የምታጠናው በሕዋሳችን ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ሲበጠስ የሚጠግኑትን ኢንዛይሞች ነው። አንዳንዱ ካንሰር አንዱ ጠጋኝ ሞቶበት በሌላው ብቻ ይኖራል፤ ያን ሌላውን የሚያግድ መድኃኒት ሲሰጥ ካንሰሩ ይሞታል። ይህን እኔ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

አምና ኢልሀም የጡት ካንሰር ታመመች። ቀዶ ሕክምናው ቢቸና ተደረገ፤ ያረፉትም የአባታቸው ወዳጅ ከሆንኩት ከእኔ ቤት ነበር። ሐኪሙ የወጣውን ሥጋ ለምርመራ እልካለሁ ሲል ኡበይዳ «የእህቴን ገላ አላስበትንም» ብሎ ፈርሞ ተቀበለ። እንደ ደንባቸው በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ከሙስሊሞቹ መቃብር ቀበረው። አካፋው የእኔ ነበር።

ዘይዳ መንገድ ተዘግቶባት በአራተኛው ቀን ደረሰች።

«ጋሼ፣ የወጣው ሥጋ የታል?» አለችው ወንድሟን።

«በክብር ቀብሬዋለሁ። ለውሻ ልጣለው ኖሯል?»

አካፋዬን አነሳች። በካንሰሩ ውስጥ የትኛው ጠጋኝ እንደሞተ የሚነግራት ያ ሥጋ ነበር። ሄደን ቆፈርን፤ በስብሷል። የኢልሀምን ደምም ወስዳ መረመረች፤ ደሙ ምንም አልነገራትም።

ሕመሙ ወደ ሳንባዋ ተዛመተ፤ ከዚያ ለምርመራ ቆንጥሮ የሚያወጣ ሐኪም አጣን። ኢልሀም ዘይዳን «መድኃኒቱን ስጪኝ» እያለች መለመን ጀመረች።

«ለአይጥ ትሰጪው የለም? ለእኔ ትሰስቻለሽ?»

«ጠጋኞቹ ደህና ከሆኑ መድኃኒቱ የሚጎዳው አንቺን ነው፣ እትዬ።»

«እንግዲያ ከጭቃው ያወጣሁሽ ስሞት ቆመሽ እንድታዪኝ ነው?»

 ኢልሀም በጥቅምት አረፈች። ኡበይዳ ከዚያ ወዲህ ቢቸናን አልረገጠም።

ዘይዳ አሁንም ትመራመራለች። ባለፈው ሞጣ ስንገናኝ፣ ከሥራዋ ሁሉ ትልቁ ነገር የቱ እንደሆነ ጠየቅኋት።

«አባባ፣ ስለ ጠጋኞቹ በየአገሩ አዳራሽ ቆሜ አስረድቻለሁ» አለችኝ። «ኡበይዳ ደግሞ ዕድሜ ልኩን የተቀደደ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ከስፌት መኪናው አጠገብ ተቀምጬ አንድ ሻይ እስክንጠጣ ብነግረው ይገባው ነበር። ትልቁ ነገር ለእሱ መንገር ነበር። አልነገርኩትም።»