በሁዳዴ የሚዋጥ የወባ ክኒን

ድራጊስት፣ መድኃኒት አዳይ ማለት ነው፣ ሆኜ ሸዋ ሮቢት አንድ ጤና ጣቢያ የገባሁ ዕለት መጀመሪያ የተሰጠኝ ሥራ ካርቶን ማንሣት ነበር። የፋርማሲው ኃላፊ ጋሽ ተፈራ አዲሱን ጋዋኔን አዩና፣ «አምሮብሻል። አሁን አውልቂውና ግድግዳውን ተደግፎ ያለውን ካርቶን ሁሉ ወደ መካከል አምጪው» አሉኝ። ከሰዓት በኋላ ያ ግድግዳ ከፀሐዩ ግለት እጅ አያስነካም፤ እዚያ የከረመ ካፕሱል እርስ በርሱ ተጣብቆ ይገኛል። ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ላደግሁት ለእኔ ይህ ትምህርት ቤት ያልነገሩኝ ነገር ነበር።

መስኮቱ ላይ ስቆም ገበሬው ሁሉ «ዶክተር» ይለኛል። አይደለሁም ብል አንዱ ሽማግሌ፣ «ኧረ ተይን ልጄ፣ ነጭ ከለበስሽ ነሽ» አሉኝ። ተውኩት። ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው።

ኮአርተም የሚባለው የወባ ክኒን ሲመጣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር እንዲዋጥ ተነገረን። ቆላ ነው፣ ከብት አለ ብለን ሁሉንም «በወተት ዋጡት» እያልን እንሸኝ ነበር።

አንድ ሁዳዴ ላይ ጋሽ ሽፈራው የሚባሉ የቀወት ገበሬ ልጃቸውን የሺን ደግፈው መጡ። ክኒኑን ጨርሳ ድና ነበር፤ ጥቂት ሰንብቶ ትኩሳቱ መልሶ ጣላት። ደሟ ሲታይ ወባው አለ። ጤና መኮንኑ መድኃኒቱ አልሠራላትም፣ ደብረ ብርሃን ትሂድ አለ። ጋሽ ሽፈራው ፊታቸው ጠቆረ። «ይቺን ይዤ የጣርማ በርን ዳገት ልውጣ? መንገድ ላይ ትሞትብኛለች።»

እኔ ልጅቷን፣ «በምን ነበር የዋጥሽው?» አልኳት።

«በውኃ።»

«በወተት አላልንሽም?»

ያበድኩ መሰላት። «እህቴ፣ በሁዳዴ?»

«ቄሱ ለታመመ ይፈቀዳል ብለዋት ነበር፤ እሷ ናት እንቢ ያለች» አሉ አባቷ።

«ለእናቴ ነፍስ የያዝኩት ጾም ነው። አልፈታውም» አለች። የምትበላውም ከሰዓት በኋላ ንፍሮ ብቻ ነበር።

አፈርኩ፤ ወዲያው ደግሞ ነገሩ ገባኝ። ክኒኑ የሚፈልገው ቅባት ነው፤ ከላም ይምጣ አላለም። «የሰሊጥ ፍትፍት ጾም ይፈታል?» አልኳት። «አይፈታም» አለች። «እንግዲያው የጾሙን ሰዓት ብቻ ልቀቂልኝ፤ ጠዋትም ማታም በሰሊጥ ትውጪዋለሽ።» «ሰዓቱስ ይሁን» አለች።

ጤና መኮንኑን፣ «አላስታወከችም፣ ራሷንም ታውቃለች። ክኒኑን እዚሁ ፊቴ ደግማ ትዋጠው፤ ከባሰባት ያን ጊዜ ላካት» አልኩት። ኃላፊነቱን ትወስጃለሽ አለኝ። እወስዳለሁ አልኩ።

ጋሽ ሽፈራው በባጃጅ ሄደው ከምግብ ቤት ፍትፍቱን በሳህን ይዘው መጡ። የሺ ዘመድ ቤት አርፋ ጠዋትና ማታ እየመጣች፣ እየበላች፣ ፊቴ ዋጠች። ትኩሳቱ ለቀቃት። ቀጠሮዋ ደርሶ ደሟ ሲታይ ንጹሕ ነው፤ ጾሟም አልተፈታም። አባቷ እጄን ይዘው፣ «የእናቷንም ነፍስ አላስቀየምሽም» ሲሉኝ አለቀስኩ።

ጋሽ ተፈራ ይህን ሰምተው፣ «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ መስኮት ሰው ሳይጠየቅ ‹በወተት› የሚል እንዳልሰማ» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ፋርማሲስትነቱንም ተማርኩ፣ ኃላፊም ሆንኩ። የምኮራው ግን በዚያች ሳህን የሰሊጥ ፍትፍት ነው። መድኃኒት የምታድሉ ልጆች፣ ሰውየው ቤቱ ምን እንደሚበላ ሳትጠይቁ እሽጉን ከእጃችሁ አትልቀቁ።