ቁጭ ብላ የምትሠራው

ሰው ለበሽተኛ «ቀላል ሥራ» ሲሰጥ ሳይ ደሜ ይፈላል። አንዲት ጎረቤቴ የታመመች ልጇን «አንቺ ደግሞ ቁጭ ብለሽ ይህቺን ብቻ» ስትላት ሰምቼ፣ ምን አገባኝ ሳልል ገብቼ ጮኼባታለሁ። ነገረኛ ናት ብላ ታማኛለች። ትማኝ። እኔ ቀላል ሥራ ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ፤ ያንን ሥራ የሰጠሁትም እኔ ነኝ።

ቤታችን አሰበ ተፈሪ ዳር፣ ወደ በደሳ የሚወስደው መንገድ ከከተማው ሲወጣ ነበር። አባቴ ግማሽ ገበሬ፣ ግማሽ ከተሜ ነው። ማሽላውን እንደ አገሩ ሰው ሁሉ በጉድጓድ ያስቀምጣል። ጉድጓዱ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ነው። እህሉ ይሞላበትና አፉ በእንጨትና በጭቃ ይደፈናል፣ አፈር ይመለስበታል። በደንብ የደረቀ ማሽላ ከገባበት ዓመታት ይቆያል። ሲከፈት ግን ግድግዳውን ተጠግቶ የከረመው ሁልጊዜም ሻጋታ አለው፤ ይጠቁራል፣ እርስ በርሱ ተጣብቆ ጓል ይሆናል። እሱን መጣል በእኛ ቤት ነውር ነበር። ጓሉ በእጅ ይፈረፈራል፣ ይታሻል፣ በወንፊት ይነፋል፣ በሰፌድ ይበጠራል፤ ከዚያ ከደህናው ጋር ተቀላቅሎ ይፈጫል። ጠረኑን ለምደነው፣ እንዲያውም ያለሱ እንጀራው አይጥመንም ነበር።

ጊዜው የኮታ ጊዜ ነው። ገበሬው ካመረተው ላይ ለመንግሥት እንዲያስረክብ ይገደዳል፤ የሚሰበስቡት ሰዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ጎተራ ይፈትሻሉ። አባቴ እነሱ ሳይደርሱብኝ ብሎ ማሽላውን እርጥበቱ ሳይለቀው ጉድጓድ ከተተው። አንድ ዓመት ብቻ ቢሆን ደግ፤ ሦስት ዓመት ተከታትሎ እንዲሁ አደረገ። ስንከፍተው ግማሹ ሻጋታ ነበር። በእነዚያ ፈታሾች እስከ ዛሬ ተናድጄ አልጨረስኩም።

እህቴ በሦስት ዓመት ታንሰኛለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሮጥ ደረቷ ያፏጫል፤ ዳገት ላይ ቆማ ጉልበቷን ትይዛለች። አስም ነው የሚል አልነበረም፣ ብርድ ነው ይባል ነበር። እኔ ደግሞ ከነጭራሹ አላምናትም። ውሃ የምቀዳው እኔ፣ እንጨት የምሸከመው እኔ፣ እሷ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ፀሐይ ትሞቃለች። አንድ ቀን እንስራዬን አውርጄ እናቴ ፊት ቆምኩና፣ ይህቺ ልጅ ቢያንስ ቁጭ ብላ የምትሠራው ይሰጣት፣ ማሽላውን እሷ ታጽዳ አልኩ። እናቴ ምን የመሰለ ሐሳብ ነው አለች። የሚያናድደኝ፣ እህቴም ደስ አላት። እስከዚያ ቀን ድረስ በቤቱ ውስጥ የእሷ የሚባል ሥራ አልነበራትም። ሰፌዱን አቅፋ ስትገባ አስታውሳታለሁ።

በዚያው ሳምንት ነገረችኝ።

«እትዬ፣ ይሄ አቧራ እኮ ደረቴን ይዘጋዋል።»

«ውሃም ይዘጋሻል፣ እንጨትም ይዘጋሻል» አልኳት። «የማይዘጋሽ ምሳ ብቻ ነው አቦ።»

ሳቀች። ሁለተኛ አላነሳችውም።

ከዚያ በኋላ እየባሰባት ሄደ። ስትናገር ቃሉን ለሁለት ትከፍለዋለች፣ መሐል ላይ አየር ትስባለች። እናቴ ብርዱ ነው አለችና ቤቱ ውስጥ ሞቃቱን ክፍል ሰጠቻት። ሞቃቱ ክፍል የትኛው ነው? ጓዳው ነዋ፤ ከጉድጓድ የወጣው ማሽላ በጆንያ የተደረደረበት። ነፋስ እንዳያገኛት መስኮቷን በጨርቅ ጠቀጠቅንባት፣ በሩን ዘጋንባት። የጠቀጠቅኩት እኔ ነኝ፣ ቀዳዳ እንኳን አላስቀረሁም። እዚያው ትሠራለች፣ እዚያው ትተኛለች። መጋረጃውን ገልጬ ስገባ አቧራው በአየር ላይ ተንሳፍፎ ይታየኛል፣ አስነጥሼ እወጣለሁ። እኔ እወጣለሁ። እሷ እዚያው ናት።

ሁለት ጊዜ ወደ ቆላው፣ ቦርደዴ ላክናት፣ አክስታችን ዘንድ። አክስታችን መንገድ ዳር ለሾፌሮች ሻይ ታፈላለች፤ የጉድጓድ እህል ቤቷ አይገባም። እህቴ ሁለቱንም ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ዳነች። ብርጭቆ ታጥባለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ ከሾፌሮቹ ጋር እየቀለደች ሻይ ታቀብላለች። እኛም ቆላው ተስማማት አልን። ማንም «ምን ትታ ሄደች?» ብሎ አልጠየቀም። ሦስት ጤነኛ ሰው አንድ ቤት ተቀምጦ፣ ዓይናችን ሥር ያለውን ማየት አቃተን።

ሁለተኛ ስትመለስ ጉንጯ ሞልቶ ነበር። አባቴ ደስታው ወሰን አጣና አዲስ ጉድጓድ ተከፈተላት። ለእሷ ክብር! ጎረቤት ተጠራ፣ መጥፎው አየር እስኪወጣ ተጠበቀ፣ ማሽላው ወጣ። ጓሉ ለብቻው ተቆልሎ ለሥራው ባለቤት፣ ለእህቴ ተሰጠ። እሷም ለአንድ ወር ያህል ሥራ ፈትቼ ከርሜያለሁ ብላ ቀኑን ሙሉ ስትፈረፍርና ስትነፋ ዋለች። አመሻሽ ላይ እናቴ ስትጠራኝ ገባሁ። እህቴ በሁለት እጇ መሬቱን ተደግፋ፣ አፏን ከፍታ፣ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ወጥቷል። ከንፈሯ ጠቁሯል። የምታየው እኔን ነው፣ ግን ልትጠራኝ አልቻለችም። እናቴ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ከማለት ሌላ ቃል ጠፋት። አባቴ አዝሏት ወጣ።

ሐኪም ቤት መርፌ ወጓት፣ ኦክስጅን ሰጧት። ጠዋት ላይ ደረቷ ሲላላ አንድ ወጣት ሐኪም መጣ፤ ከሌላ አገር የተመደበ ነው፣ የእኛን ነገር አያውቅም። አስም ነው አለን። ከዚያ ማንም ጠይቆን የማያውቀውን ጠየቀ፤ ሥራዋ ምንድን ነው አለ።

«ሥራ የላትም ዶክተር፣ በሽተኛ ናት» አለ አባቴ።

ሐኪሙ እጇን ገለበጠው። ጥፍሮቿ ሥር ጥቁር ዱቄት ነበር። ይሄስ? ሲል አባቴ ስለ ጉድጓዱ አስረዳው፣ እንዴት እንደሚቆፈር ሁሉ ሳይቀር፣ ትንሽ ኮራ ብሎ። ሐኪሙ እስኪጨርስ ታገሠው። ሻጋታ ከዱቄት የደቀቀ ዘር አለው፣ ሲነካኩት ይበናል፣ እስከ ሳንባ ድረስ ይገባል አለን። እናንተን ያስነጥሳችኋል፣ ያልፋል። የእሷ ሰውነት ግን እንደ ጠላት ነው የሚቆጥረው፤ ቆሻሻ የገባበት ዓይን ቀልቶ እንደሚያብጠው የአየር ቧንቧዋ ከውስጥ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ በአክታ ይሞላል፣ ዙሪያው ያለው ጡንቻም ይጨብጠዋል። እብጠቱ ሳይሽር በማግስቱ እንደገና ትስበዋለች። እንዲህ ሲሆን የከረመ ቧንቧ በብርዱም በጭሱም በሣቁም ይዘጋል አለ። መስኮቱን ስንነግረው ዛሬውኑ ክፈቱት አለ።

አባቴ ሻጋታ ሰው ይገድላል እንዴ፣ እኛ ስንበላው አይደል የኖርነው ብሎ አጉረመረመ። ሐኪሙ ወደ እህቴ ዞረ።

«ይሄ ሥራ እንደሚያምሽ ለሰው ተናግረሽ አታውቂም?»

ዓይኗ መጥቶ እኔ ላይ አረፈ። አባቴ ክንዱ ክንዴን ነክቶ ነው የቆመው።

«አላወቅሁም ነበር ዶክተር» አለች።

ዋሸች። ሁለት ዓመት ተኩል በዚያ ደረት ከርማ፣ ገና ሙሉ ቃል መናገር የቻለች ጠዋት፣ የመጀመሪያውን ትንፋሽ ለእኔ ውሸት አወጣችው። እኔም እዚያው ቆሜ አፌን ዘጋሁ። በኮታ ሰብሳቢዎቹ፣ በአባቴ ጉድጓድ፣ በእናቴ ሞቃት ክፍል የምናደደው ሁሉ ተደምሮ፣ በዚያች ዝምታዬ የምናደደውን ያህል አይሆንም።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ እስኪቀድመን ጠብቄ ለምን አልተናገርሽም አልኳት። በቁጣ ነው የጠየቅኋት፣ አሁንም በቁጣ።

«አባባ አጠገብሽ ቆሞ ነበራ» አለች። «ይመታሽ ነበር።»

በዚያው ቀን ጨርቁን ከመስኮቱ ነቅዬ አወጣሁ፣ ጆንያዎቹን ጎትቼ ወደ ውጭ አስወጣሁ። ጓሉን ግን አባቴ አይጣልም አለ፤ የሚበላ ሰው እንጂ እህል አልተረፈንም አለ። ስለዚህ በማግስቱ ወንፊቱን እኔ ያዝኩና ከጓሮው ዳር ተቀመጥኩ። ገና ሁለተኛውን ወንፊት ሳልነፋ ጉሮሮዬን ከረከረኝ፣ ዓይኔ አለቀሰ። ቀላል ሥራ ነው ያለኝ ሰው አልነበረም።

እህቴ ማዶ፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል፣ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ታየኛለች።

«እትዬ» አለችኝ፣ «አፍሽን ሸፍኚ።»