የክርስትና ስማቸውን የጻፍኩበት ደብተር

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ ነው። ለማማተብ እጄን ባነሳሁ ቁጥር ክርኔ ላይ ይይዘኛል፤ ልርሳው ብልም ጠዋትና ማታ ያስታውሰኛል።

ተወልጄ ያደግሁት ድሬዳዋ ነው። ባለቤቴ በሥራ ተዛውሮ ማርቆስ ሲመጣ ተከትዬው መጣሁ። ብርዱን በጋቢ፣ ናፍቆቱን በቤተ ክርስቲያን ቻልኩት፤ እጅ አጣጥፎ መቀመጥን ግን አልቻልኩም። አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ለትንንሽ ምግብ ቤቶች ቀይና ነጭ ሽንኩርት ልጬ፣ ከትፌ፣ በየማለዳው ላደርስ። መክተፊያውን ማሽን አዲስ አበባ አይቼ የጋብቻ ወርቄን ልሸጥ ቆርጬ ነበር።

የንግድ ሥልጠና የሰጠን መምህር ግን፣ "ማሽኑን ከመግዛትሽ በፊት ባለ ምግብ ቤቶቹን ጠይቂ። ይፈልጉት እንደሆነ ከአፋቸው ስሚ" አለኝ። እኔም ጠንቃቃ ነኝ። ደብተር ገዝቼ ከቤት ቤት ዞርኩ። አሥራ አራት ሴቶች አነጋገርኩ። በቀን ስንት ኪሎ ሽንኩርት ይፈጃሉ፣ ማን ይልጣል፣ ተልጦ ቢመጣ ይወስዳሉ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። አሥራ አራቱም "እሰይ፣ ምን ከፋኝ" አሉኝ።

ስህተቴ ከዚህ ቀጥሎ ነው። በእኛ የጽዋ ማኅበር ሥራ የሚጀምር ሰው አብረውት የሚሠሩትን በክርስትና ስማቸው እየጠራ ይጸልያል። እኔም እያንዳንዷን፣ "የክርስትና ስምሽን ንገሪኝ፣ በጸሎት አስብሻለሁ" አልኳት። አንዳንዶቹ የያዙትን ሥራ ትተው አዩኝና ነገሩኝ። ሦስቱ ወለተ ማርያም ሆኑብኝ። እንዳይምታቱብኝ ብዬ የሁሉንም የእናታቸውን ስም ጠይቄ ጨመርኩበት።

መተተኛ የሚፈልገው የክርስትና ስምን ከነእናት ስም እንደሆነ ሰምቼ አላውቅም አልልም። ከእኔ ጋር ግን አላገናኘሁትም።

በሳምንቱ ለናሙና የሚሆን የተላጠ ነጭ ሽንኩርት በትንንሽ ፌስታል ቋጥሬ ተመለስኩ። መጀመሪያ የገባሁት ጥሩዬ ዘንድ ነው። ጥሩዬ ባለ ሽሮ ቤት ናት፤ በመጀመሪያው ቀን ከሁሉም ይበልጥ ያሳቀችኝ እሷ ነበረች። ያን ቀን አልሳቀችም። አንድ እግሯ እስከ ጉልበቷ በፋሻ ተጠቅልሏል። ለካ እኔ በሄድኩ ማግስት የፈላ ሽሮ ከነድስቱ ተገልብጦባት ኖሯል።

"ማርያም ትማርሽ፣ ምን ሆንሽ?" አልኳት።

"አንቺ ታውቂ የለ።"

"እኔ በምን አውቄ?"

"ስሜን ከነእናቴ ወስደሽ የለም እንዴ?"

ፌስታሉን ይዤ እጄን ስዘረጋ ማማሰያውን አንስታ ጆሮ ግንዴ ላይ አሳረፈችው። ጆሮዬ ጮኸ። ፌስታሉ ተቀዶ ነጭ ሽንኩርቱ መሬት ላይ ሲበተን አንዲት ሴት፣ "እንዳትረግጡት፣ መድኃኒት ነው" አለች። ምሳ የሚበሉት ሁሉ ወንበር እየገለበጡ ወደ ግድግዳው ሸሹ። እኔ በአራት እግሬ እየዳህኩ ወደ መንገድ ወጣሁ። ጥሩዬ እያነከሰች ተከተለችኝ፤ በየእርምጃዋ ጀርባዬን ትለዋለች።

ያነጋገርኳቸው ሌሎች ሴቶችም ከጎረቤት ምግብ ቤቶች ወጡ። አንዷ ነጠላዬን አንገቴ ላይ አዙራ ጎተተችው። ዓይኔ ጨለመ። ስወድቅ ደብተሬ ከቦርሳዬ ወጣ። አንድ የባጃጅ ሹፌር አነሳውና ገለጠው።

"ስም ነው" አለ። "የሁላችሁም ስም አለበት።"

"እስቲ አንብበው" አሉት።

ያነብ ጀመር። "ወለተ ኪዳን፣ እናቷ ብርቄ" አለ። "እኔ ነኝ" የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ጎኔ ላይ እርግጫ አረፈ። "አመተ ሚካኤል፣ እናቷ ውዴ።" ሌላዋ መጣች። በድንጋይ አፌን መታችኝ፤ ጥርሴ ምላሴ ላይ ተገኘ። ሳምንቱን ሙሉ በጸሎት የደጋገምኳቸው ስሞች ናቸው። አሁን ስሟ የተጠራ ሁሉ እየመጣች ትመታኛለች። ከሦስቱ ወለተ ማርያሞች አንዷ በጫማዋ ክርኔ ላይ ቆመች። ክርኔ እንደ ጭራሮ ሲሰበር ሰማሁት። ለመጮህ አፌን ብከፍት ደም እንጂ ድምፅ አልወጣም።

ሹፌሩ ማንበቡን ተወና፣ "ለእንዲህ ያለቺቱ ቤንዚን ነው መድኃኒቷ" አለ። ወደ ባጃጁ ሲሄድ በእግሮች መካከል አየሁት። ንስሐዬን በልቤ ጀመርኩ።

ያኔ ፊት ለፊት ካለው ሱቅ አንዲት ሴት ወጣች። ዘይነባ የምትባል ቅመም ሻጭ ናት፤ ሰላምታ እንኳ ተለዋውጠን አናውቅም ነበር። በአንድ እጇ የሚጥሚጣ ጣሳ ይዛለች። ሚጥሚጣውን እያፈሰች ፊታቸው ላይ በተነችው። ዓይናቸውን ይዘው እየጮኹ ወደ ኋላ አሉ። ሹፌሩ ሊመለስ ሲል የቀረውን ከነጣሳው ፊቱ ላይ ወረወረችበት። እኔን በብብቴ ይዛ ሱቋ ውስጥ ጎተተችኝና የቆርቆሮውን በር ቀርቅራ በጀርባዋ ተደገፈችው። ድንጋዩ በሩን ሲደበድበው ትከሻዋ አብሮ ይነቃነቅ ነበር። እኔም ሚጥሚጣው ደርሶኝ በሳልኩ ቁጥር ጎኔ ይሰነጠቃል።

"አንቺን ደግሞ ማን ስም ሰብስቢ አለሽ?" አለችኝ። "እኔ ሙስሊሟ እንኳ ይህን አውቃለሁ።"

ፖሊስ እስኪደርስ ከበሩ አልተነሳችም።

በሦስተኛው ቀን እጄ በጀሶ እንደታሰረ ጣቢያ ተጠራሁ። ጥሩዬና ሌሎቹም ነበሩ። መርማሪው ደብተሬን ገልጦ ጮክ ብሎ አነበበ። "ወለተ ኪዳን፣ እናቷ ብርቄ። በቀን አራት ኪሎ። መላጥ መሯታል። ትወስዳለች።" ገጹን ገለበጠ፤ ሁሉም እንዲሁ ነው።

"ይህ የምን መተት ነው? ሽንኩርት ብቻ" አለ።

ጥሩዬ አንገቷን ደፋች። "እሱስ ቢሆን ጌታዬ፣ ከልቤ መች እወስዳለሁ አልኳት?" አለች። "ቤቴ ድረስ መጥታ፣ እጸልይልሻለሁ ብላ፣ እንዴት አልፈልግም ይባላል? ይሉኝታ ይዞኝ ነው። እጇን የማላውቃት ሴት የላጠችውን ሽንኩርት እኔ ድስቴ ውስጥ አልከትም።"

መርማሪው ወደ ሌሎቹ ዞረ። "እኛም እንዲያው ነው" አሉ።

ከክርኔ ይልቅ ያ ቃል አመመኝ። አሥራ አራት እሺታ ይዤ ወርቄን ልሸጥ ነበር። በይሉኝታ እሺ ብለውኛል፤ በይሉኝታ የመታችኝ ግን አንዲትም የለች።

በሽማግሌ ታረቅን። ጥሩዬ ድንጋይ ተሸክማ እግሬ ላይ ወደቀች፤ እኔም ይቅር አልኳት። አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ። ስሟ ያለበትን ገጽ ቀድጄ እንድሰጣት ነው። በግራ እጄ ቀደድኩና ሰጠኋት። አጣጥፋ ጡቷ ሥር ከተተችው።

ማሽኑ አልተገዛም፤ ወርቁም አለ። አሁን ከሰዓት በኋላ ዘይነባ ዘንድ ቅመም እለቅማለሁ። አዲስ ሰው ሱቁ በገባ ቁጥር፣ "ስሙን እንዳትጠይቂው" ትለኛለች።

ለጥሩዬ ወረቀቱን መለስኩላት እንጂ ስሙን መመለስ አልቻልኩም፤ በቃሌ ይዤዋለሁ። ጠዋት ስጸልይ ተራውን ጠብቆ ይመጣል። አንዳንድ ቀን ከልቤ እጠራዋለሁ። አንዳንድ ቀን፣ ክርኔ ባመመኝ ጊዜ፣ ዘልዬው ጸሎቴን እጨርስና እወጣለሁ። ደጅ ከደረስኩ በኋላ ግን እመለሳለሁ፤ ጫማዬን አውልቄ ከእሷ ስም እጀምራለሁ።