አየር ያላለቀበት ልጅ

ጥር አሥራ ሁለት ቀን 2015 ነበር፤ አብዲሳ እንዲህ ብሎ ይጀምርና ወዲያው ይጠራጠራል። የሚካኤል ታቦት ሲገባ መንገድ ተዘግቶበት፣ ከሰሚት ቦሌ ለመድረስ ሁለት ሰዓት እንደፈጀበት ያስታውሳል። ግን የዚያ ዓመት ሚካኤል የዋለው አርብ ነው፤ የልጆቹ የገንዳ ትምህርት ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር። እንግዲህ ወይ ቀኑን ተሳስቷል፣ ወይ ሁለት ቀን በአንድ ትዝታ ውስጥ ተሰፍቶበታል። የማይጠራጠረው ነገር አንድ ብቻ ነው። በዚያ ቀን፣ በአርባ ስድስት ዓመቱ፣ ከነሸሚዙ መዋኛ ገንዳ ዳር በሆዱ ተኝቶ ፊቱን ውሃ ውስጥ ነከረ።

እንዲተኛ ያደረጉት ጋሽ ኃይለኪሮስ ናቸው።

ጋሽ ኃይለኪሮስ ቦሌ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ፣ ልጆች የአየር ሲሊንደር አዝለው ውሃ ሥር እንዲተነፍሱ የሚያስተምሩ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ጠላቂ ነበሩ። ባሕሩ ሲቀር አዲስ አበባ ገቡና ባሕር በሌለበት ከተማ የጠላቂ ሥራ ፈለጉ፤ አገኙም። ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ፓምፕ ያወጡ ነበር፤ የኮንዶሚኒየም ውሃ ማጠራቀሚያ ሲሰነጠቅ ውስጡ ገብተው ስንጥቁን በጣታቸው ዳብሰው ያገኙት ነበር። አንድ ጊዜ የሙሽራ ቀለበት ከዚሁ ሆቴል ፏፏቴ አውጥተው የሰርጉን ምሳ በሉ፤ እዚያው ሥራ አገኙ። የግራ ጆሯቸውን ጥልቁ ወስዶታል። ሊያናግራቸው የፈለገ ሁሉ ዞሮ በቀኛቸው በኩል ይቆማል።

አብዲሳ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ከባለቤቱ ከሰምሃል ጋር ከተለያዩ አምስት ወር ሆኗቸው ነበር። ሽማግሌዎች፣ ሁለቱ ከእሱ ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለቱ ከእሷ ዘመዶች፣ ሲኤምሲ ቤቷ ተቀምጠው እቃውን ሲያካፍሉ ልጆቹንም አካፈሉ። የአሥራ ሁለት ዓመቷ ሶሬቲ ለእናቷ፣ የዘጠኝ ዓመቱ ኪዱ ለአባቱ። ማንም አልተበደለም ተባለ፤ ተመራረቁ። ልጆቹን የጠየቀ አልነበረም። አሁን ደግሞ ሰምሃልን መሥሪያ ቤቷ ወደ ድሬዳዋ አዛውሯታል፤ በየካቲት ሶሬቲን ይዛ ትሄዳለች። እህትና ወንድም የሚገናኙት ቅዳሜ፣ ገንዳው ጋ ብቻ ነበር።

ሲገናኙም በወጉ አይነጋገሩም ነበር። ኪዱ እህቱን ሲያያት «የእማዬ ልጅ መጣች» ይላል፤ እሷም «የአባዬ ልጅ፣ ካልሲህን ገልብጠህ ነው ያደረግከው» ትለዋለች። ከዚያ በኋላ አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ ማዶ ይቀመጣል። አብዲሳ ይህን እያየ ሽማግሌዎቹ ምናልባት ልክ ናቸው ብሎ ራሱን ያጽናና ነበር። የማይዋደዱ ልጆች ቢለያዩ ምን ይጎዳሉ?

በዚያን ቀን ጋሽ ኃይለኪሮስ የጠላቂ መነጽር አቀበሉት። «መምህር፣ ና ይህን አጥልቀህ ተመልከት።»

አብዲሳ ሱሪውን እያሳየ ሊያመካኝ ሞከረ።

«ሱሪ ይደርቃል» አሉት።

ተኛና አየ። ሦስት ሜትር ታች፣ የጋሽ ኃይለኪሮስ ረዳት ሔዋን ራቅ ብላ ስትጠብቃቸው፣ ልጆቹ ሸክላው ላይ ተንበርክከዋል። ሶሬቲ የወንድሟን መነጽር ማሰሪያ ወደ ኋላ ሳብ አድርጋ ታጠብቅለታለች። ኪዱ ፊቷ ላይ የሚንሳፈፈውን ሹሩባ በሁለት ጣቱ ይዞ፣ ዝንብ እንዳይበር እንደሚጠነቀቅ ሰው፣ ቀስ ብሎ ወደ ትከሻዋ ይመልሰዋል። ቀጥሎ ኪዱ መዳፉን እንደ ቢላ አንገቱ ላይ ወዲያና ወዲህ አደረገ። አየር አለቀብኝ ማለቱ ነበር።

አብዲሳ ከውሃው ብድግ አለ። ጋሽ ኃይለኪሮስ ትከሻውን ተጭነው መልሰው አስተኙት። ታች ሶሬቲ ከራሷ ሲሊንደር የሚወጣውን ትርፍ መተንፈሻ ወንድሟን አጎረሰችው፤ ክንዱን ያዘች፤ እሱም ክንዷን ያዘ። ግንባር ለግንባር ሊገጥሙ ጥቂት እየቀራቸው፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ፣ ገንዳውን ቀስ ብለው ዞሩት።

ሲወጡ ጋሽ ኃይለኪሮስ የኪዱን የአየር መለኪያ ገልብጠው ለአባትየው አሳዩት። ከግማሽ በላይ ሙሉ ነበር።

«አላለቀበትም» አሉ ልጆቹ ራቅ ሲሉ። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድም ቀን አልቆበት አያውቅም።»

አብዲሳ ታዲያ ለምን ዝም እንደሚሉት ጠየቀ። አዛውንቱ ሕጉን አስረዱት። አንድ አየር የሚተነፍሱ ሁለት ሰዎች ክንድ ለክንድ ይያያዛሉ፤ ከውሃው በላይ እስኪወጡ አንዱ ሌላውን አይለቅም።

«ልጁ ይህን ሕግ ወዶታል። እሷም ታውቃለች፤ መለኪያውን ሳታይ ነው የምትሰጠው።» ወደ ገንዳው ዞሩ። «ወንድሜ ገብረኣብም እንዲሁ ያደርግ ነበር፣ ምጽዋ። የተኳረፍን ቀን ሁሉ አየር ያልቅበታል። በኋላ ግን…»

ሌሎች ልጆች መጡ። ጋሽ ኃይለኪሮስ ፊሽካቸውን አንስተው ሄዱ።

ያ «በኋላ ግን» ሳምንቱን ሙሉ አብዲሳ ጉሮሮ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰክቶ ከረመ። ገብረኣብ አንድ ቀን የእውነት አልቆበት ይሆን? ጋሽ ኃይለኪሮስስ እንደ ወትሮው ቀልድ መስሏቸው ይሆን? ይህን ሳያውቅ መወሰን አልፈለገም። ግን ጊዜው አጭር ነበር። ሶሬቲ ከእናቷ አትለይም፤ ሰምሃልም አትሰጠውም። ሁለቱ አብረው የሚኖሩበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አብዲሳን ባዶ እጁን የሚያስቀር ነው።

ማክሰኞ ሰምሃልን ሲኤምሲ አንድ ካፌ ጠራትና ሁለቱንም እንድትወስድ ነገራት።

ደነገጠች። «ምን ሆነሃል? ታመሃል እንዴ?»

መነጽሩን፣ መለኪያውን፣ የኪዱን መዳፍ ነገራት። ሰምሃል የሻይ ማንኪያዋን ይዛ ሰማችው፤ ሻዩ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ዓይኗን ሳታነሣ «አንተስ?» አለችው።

«እኔማ ትልቅ ሰው ነኝ» አላት።

የመጨረሻው ቅዳሜ ደረሰ። ለጋሽ ኃይለኪሮስም መጨረሻቸው ነበር። የመቀሌ በረራ እንደገና ከተጀመረ ወዲህ ሥራውን ሊለቁ አስበው ነበር። እህታቸውን ኣብርሀትን ካዩዋት ሁለት ዓመት አልፏል፤ ነገ ይሄዳሉ፤ ከዚያ ማይጨው ገብተው እሷው ዘንድ ይቀመጣሉ።

አብዲሳ ማንም ሳያዝዘው ተኛና ፊቱን ነከረ። ልጆቹ አብረው እንደሚሄዱ ከተነገራቸው ሦስት ቀን ሆኗል። የኪዱን መዳፍ ጠበቀ። ኪዱ የራሱን አረፋ እያሳደደ ወደ ማዶው ጥግ ብቻውን ሄደ፤ ተመለሰ፤ በእህቱ አጠገብ ሳያያት አለፈ። ሶሬቲም አልተከተለችውም፤ የወለሉን ሸክላ ትቆጥር ነበር። ሃያ ደቂቃ ሙሉ የልጁ እጅ አንገቱ ጋ አልደረሰም። አብዲሳ መነጽሩን ሁለት ጊዜ አውልቆ ከውስጥ ጠረገው።

ሲወጡ በፎጣ ተጣሉ።

«የኔ ነው፣ አምጪ።»

«ስምህ ተጽፎበታል?»

«ድሬዳዋ ስንሄድ መስኮት ጋ የምቀመጠው እኔ ነኝ።»

«ሂድና ለሹፌሩ ንገረው።»

ጋሽ ኃይለኪሮስ መለኪያውን አይተው ሲሊንደሩን ከልጁ ጀርባ አወረዱ። «ዛሬ አየር አላለቀበትም» አሉ ለአብዲሳ፤ ትከሻውን ያዝ አድርገው ለቀቁት፤ ልብስ ሊቀይሩ ገቡ።

አብዲሳ ልጆቹን በር ላይ ለቆመችው ለእናታቸው አስረክቦ ሲመለስ፣ አዛውንቱ በሌላው በር ወጥተዋል። የገብረኣብን ነገር ሊጠይቃቸው ሮጠ። መንገዱ ዳር ወያላው «ገርጂ፣ ገርጂ፣ አንድ ሰው» ይላል፤ ጋሽ ኃይለኪሮስ ትንሽ ሻንጣቸውን ይዘው፣ ጎንበስ ብለው ሚኒባሱ ውስጥ ሊገቡ ነው። አብዲሳ የመጣው በግራቸው በኩል ነበር።

«ጋሽ ኃይለኪሮስ» ብሎ ተጣራ።

አልሰሙትም። ዞሮ በቀኛቸው ሳይደርስ፣ ወያላው በሩን ዘጋና ጣራውን መታ።