የማይገነጠለው መጽሐፍ

አጎቴ መጽሐፍ ሲገዛ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር እንደ በግ መበለት ነው። ሽፋኑን ይገፈዋል፣ የጀርባውን ሙጫ በቢላ ይፍቃል፣ ክሩን ይበጥሳል፣ ከዚያ መጽሐፉን አሥራ ስድስት አሥራ ስድስት ገጽ እያደረገ ይለያየዋል። አንዷን ክፍል ሽርጡ ኪስ ውስጥ ከትቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። ሥራው ምን እንደሆነ ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ መጽሐፍ ጠራዥ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ የሰውን መጽሐፍ ሲሰፋና ሲያስውብ ኖሮ የራሱን ሲያገኝ ነፍስ አያስቀርለትም። አንብቦ ሲጨርስ መልሶ ይሰፋዋል። ስለዚህ እቤቱ መደርደሪያ ላይ የተሰለፉት መጻሕፍት በሙሉ ከኦፕራሲዮን የወጡ ናቸው።

ለምን እንደዚህ እንደሚያደርግ ስትጠይቁት ይቆጣል። «ሙሉውን ተሸክሜ ልዙር? አንቺ ዳቦ ስትበዪ ሙሉውን ነው የምትጎርሺው?» ይለኛል።

ሚስቱን እትዬ ነው የምላት። ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። ምንጊዜም የምታነበው ከእሱ አንድ ክፍል ወደ ኋላ ቀርታ ነው። እሱ የጨረሳትን ክፍል ምሳ ላይ ከሳህኑ አጠገብ ያቀብላታል፤ እሷ እስከ ማግስቱ ታደርሳታለች። እራት ላይ ጭቅጭቅ ነው። እሱ የሚመጣውን ያውቃል፣ እሷ አታውቅም፤ እሱ ደግሞ ፊቱን መደበቅ የማይችል ሰው ነው። «ተወው፣ አትንገረኝ፣ ሰውዬው ሊከዳት ነው፣ አፍንጫህ ላይ ተጽፏል» ትለዋለች። ሁለቱ ስለ ሌላ ነገር ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ስለ ቤት ኪራይም፣ ስለ ጤናም፣ ስለ ዘመድም የሚያወሩት በመጽሐፉ ውስጥ ባሉት ሰዎች በኩል ነው።

ባለፈው ዓመት የአጎቴ ዓይን ከዳው። ሐኪሙ ብዙ ነገር ተናገረ፤ ሲጠቃለል ግን ፊደሉ የአውራ ጣት ጥፍር ካላከለ ማንበብ የለም ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ጀልባ ላይ ስለሚኖር ቤተሰብ የሚተርክ ባለ ሰባት መቶ ገጽ ልቦለድ ይዘው ነበር። አጎቴ ሦስት መቶ አራተኛው ገጽ ላይ ቆመ። በአጉሊ መነጽር ሞከረ፤ ራሱን እያመመው ተወው። እኔም ብልጥ መስዬ እትዬን «አንቺ ቀጥዪና አንብቢለት» አልኳት።

«ቀድሜው አላነብም» አለችኝ። «አርባ ዓመት ከኋላው ሄጃለሁ። ዛሬ ቀድሜው ስሄድ ምን ይሰማዋል?»

ከዚያ ቤቱ ጭር አለ። ምሳ ላይ የማንኪያ ድምፅ ብቻ። አንድ ቀን ስገባ በመጋረጃ ቀለም ሲጣሉ አገኘኋቸው፤ ሌላ ቀን ደግሞ ጭራሽ አይነጋገሩም። በዚህ ከቀጠሉ እነዚህ ሁለት ሰዎች በሰባ ዓመታቸው እንግዳ ለእንግዳ ሆነው ሊቀሩ ነው ብዬ ፈራሁ። የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ልግዛለት ያልኩት ያኔ ነው። ፊደሉን የፈለጉትን ያህል ማሳደግ ይቻላል፣ አለቀ።

እኔ የሊፍት ጥገና ሠራተኛ ነኝ። ስለ ዕቃ ከማንም በላይ አውቃለሁ የሚል በሽታ አለብኝ። ሁለት ሳምንት ኢንተርኔት ላይ አፍጥጬ አስተያየት ሳነብ ከረምኩና ከአጎቴ ጋር ሱቅ ሄድን። ሻጯ ትዕግሥት ያላት ሴት ነበረች። ሦስት ማንበቢያዎች ደርድራ አንድ በአንድ አስረዳችው።

«ይሄኛው አባባ፣ ስምንት ሺህ መጽሐፍ ይይዛል።»

«ስንት ዓመት የምኖር መስሎሽ ነው?» አላት።

«ይሄኛው ውኃ ውስጥ ቢወድቅም አይበላሽም።»

«እኔ ስታጠብ እታጠባለሁ እንጂ አላነብም።»

ከዚያ አንዱን አንስቶ አገላበጠው፣ አሸተተው፣ በጥፍሩ ዳርና ዳሩን ዳበሰው። «የት ጋ ነው የሚገነጠለው?» ብሎ ጠየቀ። ሻጯ አየችኝ። እኔ ኮርኒሱን አየሁ።

«ማለቴ፣ ከመሃሉ ትንሽ ነጥዬ ለሰው ልስጥ ብል እንዴት ነው?»

«አይነጠልም አባባ። የሚሰጡት ሙሉውን ነው።»

«ሙሉውንማ እንዴት ይሰጣል» አለና ዕቃውን መልሶ አስቀመጠ። ልውጣ ልውጣ አለ። እኔ ግን የአሮጌ ሰው ግትርነት ነው ብዬ፣ ከሁሉም ቀጭኑን፣ ቁልፍ የሚባል ነገር የሌለውን፣ ስክሪኑን በጣት በመንካት ብቻ የሚሠራውን ገዛሁለት። ቀኑን ሙሉ የሊፍት ቁልፍ ስጠግን የምውል ሴት ቁልፍ የሌለው ዕቃ መግዛቴን ልብ በሉልኝ። ይሄ ጥፋት የኔ ነው፣ ሌላ ሰው የለበትም።

የአጎቴ ጣቶች አርባ ዓመት መርፌ ገፍተዋል። ቆዳቸው የጫማ ሶል ነው። ስክሪኑን ይነካዋል፣ ስክሪኑ ሰው እንደነካው አያውቅም። ይደግማል፣ ምንም። ሲመረው እንደ ልማዱ አውራ ጣቱን ምራቅ አስነክቶ ገለጠ። ዕቃው በአንድ ጊዜ አርባ ገጽ ዘለለ። ጀልባዋ ወንዝ ላይ ስትሄድ ነበር፤ ድንገት ሠርግ ቤት ገባን።

በሦስተኛው ቀን እቤታቸው ስደርስ ማንበቢያው የሥራ ጠረጴዛው ላይ ለሁለት ተከፍሎ ተኝቷል። አጎቴ ወረቀት የሚያጥፍባትን የአጥንት ማጠፊያ ይዞ ቆሟል።

«ምን አደረግከው ጋሼ?»

«ስፌቱን ልይ ብዬ ነው። ስፌት የለውም።»

ከዓለም ሕዝብ መሃል መጽሐፉ እንዴት እንደተሰፋ ሳያይ ማንበብ የማይችል ሰው እሱ ብቻ ነው። ተናደድኩ። ገንዘቤን ሳይሆን ድካሜን አስቤ ተናደድኩ። «አንተ እኮ ማንበብ አትፈልግም፣ ሰበብ ነው የምትፈልገው» አልኩት።

አጎቴ በሩን መለስ አደረገና የታችኛውን መሳቢያ ጎትቶ ከፈተ። ውስጡ በክር የታሰሩ፣ ሽፋን የሌላቸው ቀጫጭን ክፍሎች ነበሩ። እያንዳንዳቸው አሥራ ስድስት ገጽ። ወረቀታቸው ከነጭ እስከ ቡናማ ይለያያል።

«ሠላሳ አንድ ናቸው» አለኝ። «ልጅ የሚሞትባቸው ናቸው።»

ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ የሰባት ዓመት ልጅ ፎቶ አለ። ሁለት ጥርሷ ወልቋል። ያላቸው ልጅ እሷ ብቻ ነበረች፤ በትኩሳት ሞተች፣ እኔ ሳልወለድ። ስለ እሷ ማንም አያወራም። አጎቴ ከዚያ ወዲህ የሚያነበው መጽሐፍ ውስጥ ልጅ ሲታመም ካየ ያንን ክፍል ያወጣና ለእትዬ ቀጣዩን ያቀብላታል። «ምነው ይሄ ነገር ተዘለለ?» ስትለው «የማተሚያ ቤት ስህተት ነው» ይላታል። ምስኪን ማተሚያ ቤቶች። ስንት ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት ስማቸው ሲጠፋ ኖሯል።

«አሁን ንገሪኝ» አለ፣ ሁለት ቦታ የተከፈለውን ዕቃ እየጠቆመ፣ «ከዚህ ውስጥ በምኔ ነው የማወጣው? ሙሉውን ነው የሚሰጡት ብላለች እኮ ልጅቷ።»

ከአፌ ያወጣሁትን መልሼ መዋጥ ብችል እውጠው ነበር። እጄን መሳቢያው ላይ እንዳደረግሁ እትዬ በሩን ከፍታ ገባች። አጎቴ መሳቢያውን በጉልበቱ ዘጋው። እሷ የተከፈለውን ማንበቢያ አየች፣ እኔን አየች።

«አንቺ ዕቃ መምረጥ አትችዪም» አለችኝ። «ነገ እኔ እመርጣለሁ፣ አንቺ ተከተዪኝ።»

በማግስቱ ያቺው ሻጭ ነበረች። እትዬ ስንት ሺህ መጽሐፍ እንደሚይዝ አልጠየቀችም። ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈችና የበሽተኛ ሁኔታ እንደሚያስረክብ ሰው ተናገረች። «ጣቱ ደረቅ ነው፣ ስክሪን አይሰማውም። አውራ ጣቱን ይልሳል፣ ተው ብለው አይተውም። የሚያነበው መስኮት ሥር ፀሐይ ላይ ቆሞ ነው፣ ስለዚህ የሚያብረቀርቅ አልፈልግም። በቀን ሁለቴ ይጥለዋል። ከፍቶ ሳያየው አይቀርም፣ ስለዚህ በሙጫ የተለጠፈ ሳይሆን በብሎን የታሰረ ስጪኝ።»

ሻጯ ከታችኛው መደርደሪያ አንድ አስቀያሚ ዕቃ አወጣች። ወፍራም፣ ግራጫ፣ በጎኑ ሁለት ትልልቅ ቁልፎች ያሉት። ሞዴሉ ያለፈበት ስለሆነ ማንም እንደማይጠይቃት ነገረችን። እትዬ ቁልፉን በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ቀጭ አለ። ደስ አላት።

«የገጹ ቁጥር ከሥር ይታያል?»

«ካልፈለጉት መደበቅ ይቻላል።»

«አይደበቅ» አለች። «እኔ የማነበው ቁጥሩን ነው።»

አውቶቡስ ስንጠብቅ አላስችል አለኝ። «እትዬ፣ ቁጥሩን ምን ልታደርጊው ነው?»

«ወረቀቱ ላይ ከስልሳ አራት ቀጥሎ ሰማንያ አንድ ሲመጣ አላይም ነበር?» አለችኝ። «ሠላሳ ዓመት የበሽተኛ መድኃኒት በጠብታ የቆጠርኩ ሴት ነኝ። መሳቢያውን ካንቺ በፊት ከፍቼዋለሁ። ወረቀት ሊገዛ ሲወጣ ሁሉንም አንድ በአንድ አንብቤያቸዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?»

«ልጅቷ ስትታመም ምንም ማድረግ አልቻለም። እኔ ቢያንስ መርፌ እወጋ ነበር፣ ፎጣ እነክር ነበር። እሱ በር ላይ ቆሞ ነበር። ይቺን ግን ማድረግ ይችላል። ለምን ልንጠቀው?» አለች። አውቶቡሱ መጣና ገባን። ማንበቢያው ያለበትን ቦርሳ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

ግራጫው ዕቃ ቤቱን መለሰው። አጎቴ ጠዋት ያነባል፣ ምሳ ላይ ያቀብላታል፣ የደረሰበትን ገጽ ዕቃው ጀርባ ላይ በለጠፈው ወረቀት በእርሳስ ይጽፋል። እሷም ከሥሩ የራሷን ትጽፋለች። በመጀመሪያው ሳምንት አራቱን ብሎኖች ፈትቶ አየው፤ አልተደሰተበትም፣ ግን መልሶ አሰረው። እራት ላይ ጭቅጭቁ ተጀመረ። ስለ ጀልባዋ ባለቤት ስስት ሁለት ቀን ሙሉ ተከራከሩ። የመጋረጃውን ነገር ማንም አላነሳውም።

አንድ እሑድ ጠዋት እቤታቸው ነበርኩ። አጎቴ መስኮቱ ሥር ቆሞ ያነባል፤ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ከዚያ ቁልፉ ዝም አለ። ቀና ብዬ ፊቱን አየሁት። እንዳልኳችሁ፣ ፊቱን መደበቅ አይችልም። ማንበቢያውን ቀስ ብሎ ሽርጡ ውስጥ ከተተው።

«ባትሪው አልቋል» አለ።

እትዬ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። «ሦስት ሳምንት ይቆያል ተብሏል እኮ። ቻርጅ ያደረግነው ትናንት ነው።»

«እንግዲህ አለቀ። ዕቃ አይደል?»

ቢላዋን አስቀመጠች፣ እጇን ታጠበች፣ አደራረቀች። «ወይስ ደግሞ የማተሚያ ቤት ስህተት ነው?» አለችው።

አጎቴ አያት። እኔ ወዴት እንደምገባ ጠፋኝ፣ ግን አልወጣሁም። እሷ ሄዳ ከሽርጡ ኪስ ማንበቢያውን አወጣችና ወንበር ስባ እሱን አጠገቧ አስቀመጠችው። ያቋረጠበት ገጽ ላይ ጀልባዋ ላይ የምትኖረው ትንሽ ልጅ ትኩሳት ይዟት ተኝታ ነበር። እትዬ መነጽሯን አደረገች።

«ዛሬ እኔ ልቅደም» አለች። «ቁልፉን አንተ ተጫን።»

ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። በሽተኛ አልጋ አጠገብ የምትናገርበት ድምፅ ይሄ መሆን አለበት፤ አይቸኩልም፣ አይንቀጠቀጥም። ፊደሉ ትልቅ ስለሆነ አንድ ገጽ የሚይዘው ጥቂት መስመር ነው። እያንዳንዱ ገጽ ሲያልቅ ታቆምና ትጠብቀዋለች። አጎቴ ይቆያል፣ ይቆያል፣ ከዚያ ያ ደረቅ አውራ ጣቱ ይጫናል።

በወረቀት ቢሆን አንድ ክፍል ነበር። እዚያ ዕቃ ላይ ስልሳ ሁለት ጊዜ ተጫነ። ቆጥሬዋለሁ።