በደካማ ቤንዚን ወደ መደኒ

ባለፈው ሳምንት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣ ሚኒባስ ተሳፍሬ ነበር። ዳገቱ ሲጠናበት ሞተሩ፣ በጣሳ ውስጥ ጠጠር እንደሚንቃጨል፣ መንኳኳት ጀመረ። ሌላው ተሳፋሪ ወሬውን ቀጠለ። እኔ ግን የፊት ወንበሩን ብረት አጥብቄ ይዣለሁ። ያን ድምፅ ከሰማሁት ስንት ዘመኑ! ደሴ ከዓይኔ ጠፋች፤ ካርቱም ነበርኩ፣ አርካዊት ሰፈር፣ ገና በወጣትነቴ።

ያኔ በቤት ሠራተኝነት የምሠራው ሲት አሚና ቤት ነበር፤ «ሲት» እዚያ ወይዘሮ ማለት ነው። ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው። ባላቸው ዑስማን ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጅም አልነበራቸውም። ከባላቸው የቀረቻቸው አንዲት አሮጌ ነጭ የእንግሊዝ መኪና ነበረች። ዓርብ ዓርብ ማለዳ፣ መንገዱ ጭር ሲል፣ እኔን ከጎናቸው አስቀምጠው እስከ ዓባይ ዳር ይነዷታል። ሴት መኪና ስትነዳ አይቼ የማላውቅ የወሎ ልጅ፣ ራሴን እንደ ትልቅ ሰው ቆጥሬ በመስኮት አያለሁ።

ለዚያች መኪና ቤንዚን ሁሉ ቤንዚን አልነበረም። ሞተሯ ነዳጁን አጥብቆ የሚጨምቅ ዓይነት ነው። ኦክቴኑ ዝቅ ያለውን ተራ ቤንዚን ከሰጧት፣ ከጊዜው ቀድሞ ይቀጣጠልና ውስጧን እንደ መዶሻ ይቀጠቅጣታል። ይህን ያስተማሯቸው ባላቸው ናቸው። ስለዚህ ከፍተኛው ቤንዚን ሲጠፋ መኪናዋ ትቆማለች እንጂ ሌላ አትቀምስም።

በዚያ ዓመት፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ ነዳጅ ከከተማው ጠፋ። ሀቡብ የሚሉት አውሎ ነፋስ ተነስቶ ቤቱን በአቧራ በሞላበት ማግስት፣ ፉል በዘይት አሽቼ ለቁርስ ሳቀርብ ስልኩ ጮኸ። ሲት አሚና ሰምተው ዘጉት።

«ወንድሜ መደኒ ላይ እያጣጣረ ነው» አሉኝ። መደኒ ከካርቱም በስተደቡብ ምሥራቅ ያለች ከተማ ናት።

ወንድም እንዳላቸው የማውቀው ከጎረቤት ነበር። ዑስማንን «ዘሩ ከእኛ አይደለም» ብሎ፣ ሠርጋቸው ላይ ሳይገኝ የቀረ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም።

መሀል ከተማ፣ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ሄጄ መኪና እንድጠይቅ ላኩኝ። አውቶቡሶቹ ናፍጣ አጥተው ፀሐይ ላይ ተደርድረዋል። ሁሉም «ቡክራ፣ ኢንሻአላህ» ይለኛል። ነገ። ከፍተኛውም ቤንዚን የሚገባው ነገ ነው ተባለ። ያለው ተራው ብቻ ነበር። ስመለስ መካኒኩ ኡስታ ሐሰን ግቢ ውስጥ ደርሷል።

«ኡስታ፣ ተራውን ብሞላላት መደኒ ታደርሰኛለች?» ሲሉ ሲት አሚና ጠየቁት።

«ታደርስዎት ይሆናል። የማቀጣጠያውን ጊዜ ትንሽ ባዘገየው ይረዳታል። ግን በዚህ ሙቀት ፒስተኗ ሊበሳ ይችላል። ለእሷ መለዋወጫ ከየት ይመጣል፣ ሲት? እኔ ብሆን ነገን እጠብቅ ነበር።»

«እሱስ ነገን ይጠብቀኛል?»

ሲት አሚና መዳፋቸውን የሞተሩ ክዳን ላይ አሳርፈው ቆዩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ ይሁን፣ ከባላቸው ጋር ይነጋገሩ፣ አላውቅም። ከዚያ «ሙላት» አሉ።

ከተማውን እንደወጣን መንኳኳቱ ጀመረ። ሲት አሚና እግራቸውን ከነዳጁ ላይ ያቀልላሉ፤ ድምፁ ይበርዳል። ግመል የሚነዳ ሰው የሚቀድመን እስኪመስለኝ ዝግ እንላለን፤ ትንሽ ሲጫኗት ደግሞ ይነሳል። በተነሳ ቁጥር ፊታቸው ይጨማደዳል። የገዚራ የጥጥ ማሳ በሁለቱም በኩል ተዘርግቷል፤ አስፋልቱ እንደ ውሃ ያብረቀርቃል።

«ሲት፣ ቆመን እናሳርፋት?» አልኩ።

«አይሆንም፣ ቢቲ፣ ልጄ። ዑስማን ቢኖር ሂጂ ነበር የሚለኝ። ይህን ሁሉ ዓመት የቆምኩት እኔ ነኝ።»

አስር ሶላት አካባቢ ደረስን። ወንድምየው ኒም ዛፍ ሥር፣ ገመድ በተጠለፈ አልጋ ላይ ተኝቷል፤ የቀረው አጥንቱ ነው። እህቱን ሲያይ አላለቀሰም።

«በምን መጣሽ?»

«በእሱ መኪና።»

አንገቱን ቀና አድርጎ ወደ መኪናዋ አየ። ከዚያ «ለዑስማን አላህ ይዘንለት» አለ። ስሙን ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር። ሲት አሚና መሬት ላይ ተቀምጠው ግንባራቸውን የወንድማቸው እጅ ላይ ደፉ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ወንድምየው ጥቂት ቀን ቆይቶ እጃቸውን እንደያዘ አረፈ። ከቀብሩ በኋላ መኪናዋን ስናስነሳት አልተነሳችም። የመደኒ መካኒክ ከፍቶ ሲያያት ፒስተኗ ተበስቷል። እዚያው ግቢ ትተናት በአውቶቡስ ተመለስን።

በመንገድ ላይ፣ ላጽናናቸው ብዬ «ወንድምዎን አገኟቸው እኮ፤ መኪና ብረት ናት» አልኩ።

ሲት አሚና ከማሳው ላይ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ «ብረት አልነበረችም» አሉኝ። ከዚያ በኋላም ዓርብ በመጣ ቁጥር ማለዳ ተነስተው፣ የሱዳን ሴቶች የሚጎናጸፉትን ነጭ ቶባቸውን ለብሰው በረንዳው ላይ ይቀመጡ ነበር።

ሲት አሚና ኋላ ካርቱም ላይ የተነሳውን ጦርነት ሳያዩ አልፈዋል። እኔ በጦርነቱ ካርቱምን ለቅቄ ወደ አገሬ ገባሁ። በልጅነቴ፣ ልክ የሆነውን የመረጠ ሰው ልቡ ያርፋል ብዬ አምን ነበር። ሲት አሚና በመሄዳቸው አንድም ቀን ሲጸጸቱ አልሰማሁም፤ ሐዘናቸው ግን አልቀነሰም። ያኔ አንዱን ከሌላው ማስታረቅ አቅቶኝ፣ በማጽናናት ብዛት ሳላደክማቸው አልቀረሁም። ዛሬ እኔም የእሳቸው ዕድሜ ላይ ደርሻለሁ፤ አሁን ቢሆን ሻይ አፍልቼ አጠገባቸው ዝም ብዬ እቀመጥ ነበር።